ያጋተ ጡት፦ የአንድ እብጠት ታሪክ

የዛሬው ነገራችን ስለ ጡት ነው። የሚያፍር ሰው ካለ አይፈር። ሁላችንም ጡት ጠብተን ያደግን ነን።

እስቲ አንዲት አራስ እናት እናስብ። ቤቷ ሮቤ ከተማ ዳር ይሁን፤ ወይም ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው በጎባ ይሁን። ልጇ ሦስት ሳምንቱ ነው። አንድ ቀን ማለዳ ስትነሣ አንዱ ጡቷ ከጎኑ ድድር ብሎ አብጧል። ሲነኩት ያማል፤ ይጠዘጥዛል። አማቷ መጡና፣ "ልጄ፣ ሕፃኑን ከዚያ ጡት አንሺው፤ ወተቱ ተበላሽቷል" አሏት። ጎረቤቷ ደግሞ፣ "እኅቴ፣ በሙቅ ጨርቅ አድርጊና በኃይል እሺው፤ የተዘጋው ይከፈታል" አለቻት። ከሰዓት በኋላ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደረሰች። እሷም፣ "አትሺው። ቀዝቃዛ ጨርቅ አድርጊበት። ልጁንም አጥቢው" አለች።

ሦስት ሰው፣ ሦስት ምክር። እናቲቱ ማንን ትስማ?

ሦስቱም ምክሮች ዝም ብለው የመጡ አይደሉም። እያንዳንዱ የመጣበት ዘመን አለው፤ የመጣበት አገርም አለው። ዛሬ የምንናገረው ይህን ታሪክ ነው። የውጭውን ዓመት ስጠራ እ.ኤ.አ. እላለሁ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ማለት ነው። የኛን ስጠራ ዓ.ም. እላለሁ።

ነገሩ ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ። ጡቷ ስላበጠ ማጥባት ያቆመች እናት አለች። ልጇ በጡጦ የላም ወተት ወይም የቆርቆሮ ወተት ይጀምራል። ውኃው ንጹሕ ካልሆነ፣ ጡጦው በደንብ ካልታጠበ፣ ተቅማጥ ይመጣል። ትንሽ ሕፃን ደግሞ ተቅማጥን አይችልም። በእናቲቱም በኩል፣ ያልተጠባው ጡት እያበጠ ሄዶ መግል ሊቋጥር ይችላል። ስለዚህ በአንድ እብጠት ሁለት ሰው ይጎዳል።

መጀመሪያ ከቤታችን እንጀምር። የባሌ ደጋ የገብስና የስንዴ አገር ነው፤ የከብትም አገር ነው። ላም ያላት ሴት ስለ ጡት ብዙ ታውቃለች። ላሟ ስትወልድ መጀመሪያ የምትሰጠው ወተት ወፍራምና ቢጫ ነው። በአማርኛ እንገር ይባላል፤ በኦሮምኛ ሲልጋ። እንገር። ቃሉን በጣታችሁ እየተከተላችሁ አንብቡት። ጥጃው ይህን እንገር ይጠባል፤ ማንም አይከለክለውም። ላሟ ያጋተች እንደሆነም፣ ማለትም ግቷ በወተት ተወጥሮ እንደሆነ፣ ጥጃው ቶሎ ይለቀቅላታል ወይም ትታለባለች። ሳትታለብ ብትውል ግቷ እንደሚታመም ከብት ጠባቂው ልጅ እንኳ ያውቃል።

ታዲያ ወደ ሰው ሲመጣ ይህ እውቀት የት ገባ? በኢትዮጵያ በብዙ አካባቢ የእናት እንገር እንደ ቆሻሻ ይታይ ነበር። የልጁን ሆድ ያሳምማል ተብሎ ይታለብና ይደፋል። በምትኩ ለአራሱ ልጅ ለጋ ቅቤ ያውጡታል፤ ወይም ስኳር በውኃ ይሰጡታል። ይህ ልማድ በብዙ ቤት ቀርቷል፤ በአንዳንዱ ቤት ግን እስከ ዛሬ አለ። ለጥጃ የተፈቀደው ለሰው ልጅ መከልከሉ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ልማዱ ልጁን ብቻ አይደለም የሚጎዳው። ሴት በወለደች በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ወተቱ በብዛት ይመጣል። ልጁ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ሲጠባ ከቆየ፣ የመጣውን ወተት የሚቀበለው አፍ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ቅቤ ሲውጥ ከሰነበተ ግን ወተቱ መጥቶ ተቀባይ ያጣል። ጡቱ ይወጠራል፤ ያብረቀርቃል፤ ጫፉ ስለሚደድር ልጁ ሊጎርሰው ያቅተዋል። በዚህ ላይ ትኩሳት ከመጣ "ምች መታት" ይባላል። ዳማከሴ ተቀጥፎ ይታሻል፤ ይጠጣልም። ዳማከሴውን አልነቅፍም፤ ሽታው ደስ ይላል። ግን የተወጠረውን ወተት አያወጣውም።

ከዚሁ ጋር እናቶቻችን ያቆዩልንን መልካሙንም መናገር አለብኝ። አራስ ሴት እንድታርፍ ማድረግ፣ ገንፎ ማገንፋት (በኦሮምኛ ማርቃ የሚባለውን)፣ ልጅን በጀርባ አዝሎ መዋል፣ ሌሊት ከጎን አስተኝቶ ባለቀሰ ቁጥር ማጥባት፣ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ማጥባት፤ ይህ ሁሉ ጡት እንዳያብጥ የሚረዳ ነገር ነው። በባሌ ሙስሊም ቤተሰብ ዘንድ ሁለት ሙሉ ዓመት ማጥባት በቁርኣን የተነገረ ስለሆነ በደንብ ይታወቃል። ይህን እውቀት ሰው ከመጽሐፍ ቤት አልተማረውም። በጓዳ ነው የተማረው።

አሁን ወደ ውጭ አገር እንሂድ፤ ምክንያቱም ሐኪሞቻችንና ነርሶቻችን የተማሩት መጽሐፍ የተጻፈው በዚያ ነው። በኒውዚላንድ ትሩቢ ኪንግ የሚባል ሐኪም ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1907 የእናቶችና የሕፃናት ማኅበር አቋቋመ። ይህ ሰው የእናት ጡት ወዳጅ ነበር፤ ግን በሰዓት ያምን ነበር። ሕፃን በየአራት ሰዓቱ ይጥባ፣ ሌሊት አይጥባ፣ ቢያለቅስም ይቆይ አለ። ምክሩ ወደ እንግሊዝና ወደ ሌሎች አገሮች ተስፋፋ። ሆስፒታሎችም ሕፃናትን ከእናቶቻቸው ለይተው በሌላ ክፍል ማስተኛት ጀመሩ። ጡት ግን ሰዓት አያውቅም። ሰዓቱ እስኪደርስ ወተቱ ይጠራቀማል፤ ጡቱም ያብጣል። በሰዓት ያጠቡ እናቶች ጡታቸው ቢታመም አይገርምም። በዚህ በኩል አዝላ የምትውለው የባሌ እናት ከሐኪሙ ትበልጣለች፤ እኔ እንደዚያ ነው የምለው።

ቀጥሎ የመጣው ጡጦ ነው። ሄንሪ ኔስሌ የሚባል ሰው በስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1867 የሕፃናት ዱቄት ሠርቶ መሸጥ ጀመረ። ከዚያ በኋላ የዱቄት ወተትና የቆርቆሮ ወተት በየአገሩ ገባ። እናት የሞተችበት ልጅ በዚህ ድኖ ይሆናል፤ ያንን አልክድም። ነገር ግን ጡቷ ወተት የሞላላት እናት ሁሉ ማስታወቂያውን እያየች ጡጦ እንድትይዝ ተደረገ። ሲስሊ ዊሊያምስ የምትባል እንግሊዛዊት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1939 በሲንጋፖር ተነሥታ፣ ይህ ሕፃናትን መግደል ነው ብላ በአደባባይ ተናገረች። ብዙ ሰው አልሰማትም። ነገሩ የዓለም ጭቅጭቅ የሆነው በ1970ዎቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በአሜሪካ ሰዎች የኔስሌን ዕቃ አንገዛም ብለው ተነሡ። በግንቦት ወር 1973 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1981) የዓለም ጤና ጉባኤ በጄኔቫ ተሰብስቦ፣ የጡት ወተት ምትክ እንዴት መሸጥ እንዳለበት ደንብ አወጣ። 118 አገሮች ደገፉት። የተቃወመችው አሜሪካ ብቻ ነበረች። ሦስት አገሮች ድምፅ አልሰጡም።

በኛ አገር የሕፃናትን ምግብ የሚያጠና ተቋም የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1962 በስዊድን እርዳታ ነው። በ1968 የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ። ፋፋ የሚባለውን ዱቄት ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከዚሁ ሥራ የተገኘ ነው። ፋፋ ከጡት ጋር ተጨምሮ ለሚበላ ልጅ የተዘጋጀ እንጂ ጡትን ለማስጣል አልነበረም። ከተማ ውስጥ ግን ጡጦ መያዝ የሥልጣኔ ምልክት መስሎ የታየበት ጊዜ ነበረ።

እንግዲህ የአማትየው ምክር፣ "ልጁን ከጡቱ አንሺው" የሚለው፣ ከሁለት ወገን የመጣ ነው። አንዱ ወገን የቤት ነው፤ ያበጠ ጡት ወተቱ ይበላሻል የሚል። ሁለተኛው ወገን የድሮ ሐኪም ቤት ነው። ፔኒሲሊን የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1928 ሲሆን፣ ለሕመምተኛ በሰፊው መሰጠት የጀመረው በ1940ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት ጡት መግል ከቋጠረ መቅደድ ብቻ ነበር መድኃኒቱ። ሐኪሞቹ ፈሩ። ብዙዎቹም ልጁ እንዲነሣ፣ ጡቱም በጨርቅ እንዲታሰር ያዝዙ ነበር። ዛሬ ይህ ምክር ስህተት መሆኑ ታውቋል። ያበጠ ጡት ወተት ጤነኛ የሆነ ልጅን አይጎዳም። ጣዕሙ ትንሽ ጨው ጨው ሊል ይችላል፤ ልጁ ፊቱን ቢያጨማድድ በዚህ ነው። ጡቱን በድንገት ማስጣል ግን ሕመሙን ያብሰዋል።

በባሌ ደግሞ እናትን ከልጇ የሚያርቅ ሌላ ነገርም መጣ። ከ1969–70ው የሶማሊያ ጦርነት በኋላ በባሌ ክፍለ ሀገር መንደር ምሥረታ ተጀመረ። በኋላ ወደ ሌሎች ክፍላተ ሀገርም ተስፋፋ። ተበታትኖ ይኖር የነበረ ገበሬ በአንድ መንደር ተሰበሰበ። ለትምህርት ቤትና ለውኃ ቅርብ የሆነ ሰው ነበረ፤ ከእርሻው የራቀም ብዙ ነበረ። እርሻ ሲርቅ ለአረም ወይም ለአጨዳ የምትወጣ እናት ሕፃኑን ቤት ትታ የምትውልበት ሰዓት ይረዝማል። ዛሬ ስንዴውን ኮምባይነር ያጭደዋል። ያም ሆኖ ገበያ የምትውል አለች፤ ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ተሸክማ የምትመለስ አለች፤ ቢሮ የምትውልም አለች። ተቀጣሪ ለሆነች ሴት በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ተሰጥቷል። ለገበያዋ ሴት ግን ፈቃድ የሚሰጣት የለም። ማታ ስትገባ ጡቷ ደረቷን ወጥሮት ነው የምትገባው። በማታ ትምህርት ክፍል ልጅ ታቅፈው የሚቀመጡ ሴቶችን ሳይ፣ ልጁ አለቀሰ ብሎ የሚቆጣውን ሰው ዝም በል እለዋለሁ። ልጁም ይጥባ፣ እናቲቱም ትጻፍ።

ወደ ሁለተኛው ምክር እንምጣ፤ "በሙቅ አድርገሽ በኃይል እሺው" ወደሚለው። ይህ ምክር የቤት ብቻ አይደለም። እኔ ራሴ በድሮ የጤና መጽሐፍ ላይ አንብቤዋለሁ። ከየት መጣ? ከአንድ ሥዕል መጣ ብል ማጋነን አይሆንም።

በለንደን ሰር አስትሊ ኩፐር የሚባል ታላቅ ቀዶ ሐኪም ነበረ። እያጠቡ የሞቱ ሴቶችን ጡት ወስዶ በወተት ቱቦዎቹ ውስጥ ቀለም ያለው ሰም አፈሰሰ። ሰሙ ሲደርቅ ቱቦዎቹ ታዩ። ከነሥዕሉ እ.ኤ.አ. በ1840 መጽሐፍ አድርጎ አወጣው። ሥዕሉ ውብ ነበር። ከዚያ በኋላ የሐኪም መጽሐፍ የጻፈ ሁሉ ከእሱ ቀዳ። በእነዚህ ሥዕሎች ላይ ጡት ውስጥ ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ ወፋፍራም ቱቦዎች አሉ፤ ከጡት ጫፉ ሥር ደግሞ ወተት የሚጠራቀምበት ከረጢት የመሰለ ነገር አለ። ይህን ሥዕል ያየ ሰው፣ ጡት ሲያብጥ ቱቦው እንደ ቦይ በጓጎለ ወተት ተደፈነ ብሎ ያስባል። የተደፈነ ቦይ ደግሞ ይጠረጋል፤ ይገፋል፤ ይታሻል።

ሥዕሉ ከ160 ዓመት በላይ ሲገለበጥ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2005 በአውስትራሊያ፣ በፐርዝ ከተማ፣ ተመራማሪዎች በሕይወት ያሉና የሚያጠቡ 21 እናቶችን ጡት በአልትራሳውንድ አዩ። አልትራሳውንድ ማለት የነፍሰ ጡር ሆድ የሚታይበት መሣሪያ ነው። ምን አገኙ? ወደ ጡት ጫፍ የሚወጡት ዋና ቱቦዎች በአማካይ 9 ያህል ናቸው። ቀጫጭን ናቸው፤ ስፋታቸው ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከቆዳው ብዙ አይርቁም፤ ሲጫኗቸው በቀላሉ ይጣበቃሉ። ከረጢት የተባለው ነገርም አልተገኘም።

የሻያን ወንዝ የምታውቁ አድማጮች፣ ይህን አስቡ። ከወንዙ የተጠለፈ ቦይ ውኃው ሲያቆም ሁለት ምክንያት ሊኖር ይችላል። አንዱ፣ ድንጋይ ወይም ጭቃ ገብቶ ደፍኖት ነው። ሁለተኛው፣ ዳርና ዳሩ ያለው አፈር በዝናብ አብጦ ቦዩን አጥብቦት ነው። የመጀመሪያውን በአካፋ ትጠርጉታላችሁ። ሁለተኛውን በአካፋ ብትመቱት አፈሩ ይናዳል፤ ቦዩ ጭራሽ ይጠፋል። የዛሬ ሐኪሞች ያበጠ ጡት በአብዛኛው እንደ ሁለተኛው ነው ይላሉ። ቱቦው በጓጎለ ወተት ተደፍኖ ሳይሆን፣ በዙሪያው ያለው ሥጋ አብጦ አጥብቦት ነው። በኃይል ሲታሽ ሥጋው ይቆስላል፤ እብጠቱ ይጨምራል።

በመካከል ግን ሌላ ምክር ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1984 በዴንማርክ የወጣ ጥናት፣ ጡታቸው ተቆጥቶ ወተቱን ያወጡ እናቶች ካላወጡት ይልቅ ቶሎ እንደዳኑ አሳየ። ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ "ልጁን አንሺው" የሚለውን የድሮ ምክር የጣለው እንዲህ ያለ ጥናት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2000 እናቶች ማጥባታቸውን እንዲቀጥሉ የሚል መጽሐፍ አወጣ። ሰው ግን መልካም ነገር ሲያገኝ ማብዛት ይወዳል። "ወተቱ ይውጣ" የተባለው፣ "ጡቱ ጠብታ እስኪያጣ ይታለብ፣ ይታሽ" ወደሚል ተለወጠ። ጡት ደግሞ ብዙ በታለበ ቁጥር ብዙ ይሠራል። ላም ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ያለ ልክ ያለበችው እናት በማግስቱ የባሰ ተወጥራ ትነሣለች።

እ.ኤ.አ. በ2022 የጡት ማጥባት ሐኪሞች ዓለም አቀፍ ማኅበር ምክሩን አስተካክሎ አወጣ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቀዝቃዛ ጨርቅ ያለችው ከዚህ ጋር ይስማማል።

ምክሩ ሲዘረዘር እንዲህ ነው። ልጁን ከሁለቱም ጡት እንደ ወትሮው፣ በፈለገ ጊዜ አጥቡት፤ ከታመመው ጡት አታንሡት፤ ያንን ብቻም ሌት ተቀን አታጥቡት። ልጁ ርቆ ከዋለና ጡቱ ከተወጠረ፣ እጃችሁን ታጥባችሁ እስኪቀልላችሁ ድረስ ብቻ በንጹሕ ስኒ እለቡ። አትደቁሱት። ካጠባችሁ በኋላ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ አድርጉበት፤ በኛ ደጋ ቀዝቃዛ ውኃ አይጠፋም። ለብ ያለ ጨርቅ የሚያስታግሳት እናት ብትኖር ለጥቂት ደቂቃ ብታደርግ አትወቀስም፤ የሚያቃጥል ግን አይሁን። ደረት ላይ የሚጠብቅ ቀሚስ፣ ጡት ላይ የሚያልፍ የአንቀልባ ጠፍር፣ በአንድ ጎን ብቻ መተኛት፣ እነዚህን ተመልከቱ። የሕመም ማስታገሻ የጤና ሠራተኛ ጠይቃችሁ ውሰዱ። በእሳት መተኮስና በምላጭ መብጣት ፈጽሞ አይደረግ።

ብዙ ጊዜ እብጠቱ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይጎድላል። ካልጎደለ፣ ወይም ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ፣ ጡቱ ከቀላና ከጋለ፣ ሰውነት እንደ ጉንፋን ከቆረጠመ፣ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ጀርም የገባ እንደሆነ ለሚያጠባ ልጅ የማይጎዳ መድኃኒት አለ። እሱን እየወሰዱ ማጥባት ይቻላል። መድኃኒቱ ሲሻል አይቋረጥም፤ እስከ መጨረሻው ይወሰዳል። መግል ከቋጠረ ሐኪም ያወጣዋል፤ ለዚህ እንደ ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል ያለ ቦታ ያስፈልጋል። ኤች አይ ቪ በደሟ ያለባት እናት ጡቷ ሲያብጥ ቀን ሳታሳድር የጤና ሠራተኛዋን ትጠይቅ፤ ለእሷ የሚሰጠው ምክር ለብቻው ነው። ሳምንታት አልፈውም የማይጠፋ እብጠት ካለ ደግሞ፣ የወተት ነው ብሎ መተው አይገባም፤ ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ይመርመር።

የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በአገራችን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ከሳነቴ ሥር ያለች የደጋ እናት አንዲት ነርስ ለማግኘት ጎባ ድረስ በእግር ወይም በፈረስ መሄድ ነበረባት። አራስ ሴት፣ ጡቷ አብጦ፣ ልጅ ታቅፋ። ዛሬ በየቀበሌው በጤና ኬላ የተመደቡ ሴቶች አሉ። ሁሉም አዲሱን ምክር ሰምተዋል ማለት አይደለም፤ አንዳንዷ የተማረችው ገና "እሺው" ሲባል በነበረበት ዓመት ነው። ስለዚህ ይህን ወረቀት አንብባችሁ ስትጨርሱ አጥፋችሁ አኑሩት። ለአማቶቻችሁም አንብቡላቸው። ስለ እንገሩና ስለ ጥጃው የተጻፈውን ግን ቀድማችሁ አንብቡላቸው፤ ከብት ያሳደጉ እናቶች ናቸውና ከዚያ ወዲያ ያለውን ራሳቸው ይናገሩታል።